ደመኛህን ቅደመው

ሰቆጣ ላይ የሯጮች የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሆኜ ስሠራ፣ ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ያልተጣላሁበት ሳምንት የለም። ሰውየው ሯጭን በፉከራ ነበር የሚያሟሙቀው። ልጆቹን ሜዳው ዳር አሰልፎ «ዘራፍ በል! ከፊትህ የሚሮጠው ደመኛህ ነው፣ ቅደመው!» ይላል። እነሱም ይፎክራሉ፣ ዓይናቸው ደም ይለብሳል፣ ከዚያ ገና ሩጫው ሳይጋመስ ትንፋሻቸው ቁርጥ ይላል። የተናደደ ሰው ጡጫውን ጨብጦ፣ ትከሻውን ጆሮው ሥር ሰቅሎ እንዴት አድርጎ ይሩጥ? ይህን ስነግረው ይስቅብኝ ነበር።

ከሁሉም አንድ ከጋዝጊብላ ወረዳ የመጣ ልጅ ያሳስበኝ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በግጦሽ ጠብ ተገድሎበታል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በወንጌል ምለው ታርቀዋል። ምን ዋጋ አለው፣ የገዳዩ ታናሽ ወንድም እዚያው እኛ ቡድን ውስጥ ይሮጣል! አንድ ቀን የሟቹን ወንድም እግር ሳሽ «ጋሼ፣ የዚያን ልጅ ጀርባ ሳይ ጡጫዬ ሳላውቀው ይጨበጣል» አለኝ። ጀርባውን ትቶ የራሱን ትንፋሽ እንዲያዳምጥ፣ ጣቶቹን እንዲፈታ አለማመድኩት። እየለመደውም ነበር፤ አንጀቴን ቅቤ አጠጣው።

ለዞኑ ቡድን ሯጭ በሚመረጥበት ጠዋት አሰልጣኙን ለብቻው ጠርቼ፣ አንቱ ብዬ አክብሬ ለመንኩት።

«እባክዎ ይህን ልጅ ደመኛ ምናምን አይበሉት። እውነተኛ ደመኛ አለው።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? ቂም ጉልበት ነው!»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ሲባል አልሰሙም?»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቄስ!» ብሎኝ ሄደና በልጁ ጆሮ የሟች ወንድሙን ስም ጠራበት።

ፊሽካው ተነፋ። ልጁ የገዳዩን ወንድም እግር በእግር ተከተለው። መጨረሻው ዙር ላይ ደረሰበት። ትከሻ ለትከሻ ሲሆኑ «በቃ፣ አለፈው!» ብዬ ጮህኩ። አላለፈውም። አንገቱን አንቆ መሬት ላይ ጣለው፣ ድንጋይ አንስቶ አፉን መታው፣ ደገመው። ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። ዘልዬ መሃል ስገባ ቀጣዩ ድንጋይ ክንዴ ላይ አረፈና አጥንቴን ሰበረው። ልጁ «የወንድሜ ደም!» እያለ ይነፋረቃል። ሰው ተረባርቦ አላቀቃቸው። የተመታው ደም እየተፋ ሐኪም ቤት ተወሰደ፤ የተረፈው በእግዜር ቸርነት ነው።

ያ ርኩስ አሰልጣኝ አጠገቤ ቆሞ «ጉልበቱን አየህልኝ?» አለኝ። በደህናው እጄ ጉሮሮውን ያዝኩት። ባይገላግሉን አልለቀውም ነበር።

ፖሊሶች ሲወስዱት ልጁ ዞር ብሎ «ልቀድመው እችል ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለኝ።

እንደዚያ ዕርቁ ፈረሰ። ትናንት በዳይ የነበረው ቤተሰብ ዛሬ ተበዳይ ሆነ። በእኛ አገር በዳይ ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ ተሸክሞ ነውና፣ የልጁ አባት ከሽማግሌዎች ጋር ሲሄዱ እኔም ክንዴን አንጠልጥዬ ተከተልኩ። አዛውንቱ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ጭነው፣ የበኩር ልጃቸው ገዳይ ተወልዶ ባደገበት ደጅ ተንበረከኩ። «ይህን አንዱን እንኳ ማሩልኝ» አሉ።