ጉልበት ስሞሽ ላይ የቀረችው መስመር

ተብታባ ነኝ። በጽሑፍ ሳወራ አያስታውቅብኝም እንጂ፣ ስሜን ተጠይቄ የመጀመሪያዋን ፊደል እስካወጣት ባጃጅ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ደርሶ ይመለሳል። ልብስ ሰፊ የሆንሁትም ለዚሁ ነው፤ ሜትር አፍ አይፈልግም። ደንበኞቼ ግን አይምሩኝም። «ጌታው፣ ዋጋውን ዛሬ ትነግረናለህ ወይስ ለፋሲካ እንመለስ?» ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ። የሚስቅ ሰው መልስ አይጠየቅማ።

መድኃኒቱን ያገኘችው ልጄ ናት። ሦስተኛ ክፍል ሳለች ብቻዋን ማንበብ ፈርታ፣ «አባየ፣ አብረን እናንብብ» አለችኝና «አንድ፣ ሁለት» ብላ ጀመረች። ድምፄ የእሷን ድምፅ ተከትሎ እንደ ቅቤ ወረደ። ሚስቴ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ «እንግዳው ማን ነው?» አለች።

ከዚያ ወዲህ ያላነበብነው የለም፤ የትምህርት ቤቱን፣ ተረቱን፣ ከግብርና ሠራተኛ የተዋስነውን የንብ እርባታ መጽሐፍ ሳይቀር። በጎጃም ስለ ንብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ንቡ ራሱ ብቻ ነው፤ ቀፎ ግን የለኝም። አንዳንዴ ሳልነቃባት ድምጿን ቀስ አድርጋ ታጠፋና ብቻዬን ትለቀኛለች፣ ብስክሌት እንደሚያስተምር ሰው። ሁለት መስመር ያህል ሄጄ እወድቃለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከሁለት መስመር አላለፍሁም።

እንዲህ እያለን ለቡሬ ሰው ታጨች። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ትስማለች፤ አባትም በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመርቃታል። ያልመረቀ አባት በእኛ አገር እንደ ረገመ ነው የሚቆጠር። እንቅልፌ ጠፋ። ምርቃቱን ደብተር ላይ ጻፍሁና ሦስት ሳምንት አብረን አነበብነው። የገዛ ምርቃቷን ያስጠናች ሙሽራ ከእሷ ሌላ አልሰማሁም። የመጨረሻዋን መስመር ግን ከማንም ሽማግሌ አልወሰድኋትም፣ የራሴ ናት፦ «ያሰብሽው ሁሉ ከአፍሽ አይቅርብሽ።»

ቀኑ ደረሰ። ደብተሬን ሳወጣ ከሚዜዎቹ ጋር የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጅህን ከወረቀት ነው የምትመርቅ? ቀበሌ መሰልንህ እንዴ?» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ደብተሩን ኪሴ ከተትሁ።

ልጄ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። አፌን ከፈትሁ። ምንም። ላቤ ከግንባሬ ወርዶ ነጠላዋ ላይ ይንጠባጠባል። ሰው ሊያግዘኝ ብሎ፣ ምንም ሳልል «አሜን!» አለ። ይኼኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ «ትንሽ ፈጠን በይ» እላት ነበር፣ ምላሴ ቢታዘዘኝ።

ከጉልበቴ ሥር «አንድ፣ ሁለት» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ። ልጄ በነጠላዋ ተከልላ ምርቃቷን ራሷ ጀመረችው። ድምፄ ብድግ ብሎ ተከተላት። «አሜን» ይላል ሰው፣ «አሜን!» የመጨረሻዋ መስመር ላይ ስንደርስ ሹክሹክታው ቆመ። ብቻዬን የለቀቀችኝ መስሎኝ ነበር፤ እያለቀሰች ኖሯል። እኔም እዚያው ተገተርሁ። «ያ... ያ...» ስል እልልታው ቀለጠ፣ ሚዜዎቹ አነሷት፣ መኪናው ነጎደ።

ከዚያ በኋላ ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ማንበብ ሞከርሁ። ደብተሩንም፣ የንቡንም መጽሐፍ። ያቺው ሁለት መስመሬም ከእሷ ጋር ቡሬ ሄዳለች፤ አንዲት ቃል አትወጣኝም። የልብስ ስፌት መኪናዬን ሳይቀር «አንድ፣ ሁለት» በይ ብዬ በልቤ ለምኛታለሁ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ደወለች። «ሄሎ» እንኳ ሲያቅተኝ ገባት።

«አባየ፣ ደብተሩ ከእጅህ ነው? አንድ፣ ሁለት...»

ዛሬስ ብቻዬን ልሞክር፣ ዝም በይልኝ ልላት ፈለግሁ። እሱም አልወጣ አለ። ደግማ ቆጠረችልኝ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ የቀረችውን መስመር ብቻዋን በቃሏ አለቻት፦ «ያሰብሽው ሁሉ ከአፍሽ አይቅርብሽ።»

«አሜን» አልሁ። እሷ ቃል ላይ ተንተባትቤ አላውቅም።