የእናኑ ቤት ስፋት

የልጅ ልጄ ደብረ ታቦር የተከራየቻትን ጠባብ ክፍል ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ቁም ሳጥኑን አስወጥታ፣ ግድግዳውን ነጭ ቀለም ቀብታ፣ ከመስኮቱ ትይዩ ትልቅ መስታወት ሰቅላለች።

«እማማ፣ አልሰፋም?»

«ሰፍቷል» አልኋት። ያልደረቀው ቀለም ሲሸተኝ ግን የልጅነት ቅናቴ መጣብኝ።

ጋፋት አጠገብ ስናድግ የጎረቤታችን የእናኑ ቤት ከእኛው ቤት እኩል ነበር። እናቷ ግድግዳውን በነጭ አፈር ትለቀልቀዋለች፤ መሀሉ ባዶ ስለሆነ ልጆች ሁሉ እዚያ ይጨፍራሉ። የእኛን ቤት ግን ግማሹን ትልቅ ጎታ ይዞታል። እህል ማስቀመጫው እዚያው ውስጥ በጭቃ የተሠራ ስለሆነ በበር አይወጣም። አንድ ቀን እናኑ በልጆቹ ፊት፣ «እናንተ ቤት እኮ ፍየል እንኳ ገብታ አትዞርም!» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ።

እያለቀስሁ ለእናቴ ነገርኋት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እነሱም ጎታ ነበራቸው፤ የሚከቱበት እህል ሲያጡ አፈረሱት። አደራሽን፣ ይህን ለእናኑ እንዳትነግሪያት» አለችኝ።

«ታዲያ የእኛንስ ለምን አናፈርሰውም?»

 እናቴ፣ «ሂጂ፣ ጥጆቹን አስገቢ» አለችኝ።

ማታ ከልጅ ልጄ ክፍል ወደ ቤቴ ተመለስሁ። በሳጥኑና በሟቹ ባለቤቴ ወንበር መካከል በጎን አልፌ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ዓይኔን ስጨፍን ዛሬም የሚታየኝ የእናኑ ነጭ ግድግዳ ነው።