ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ያንን ማሽን ሳስታውስ እስካሁን ያቅለሸልሸኛል።

የካ ሚካኤል አካባቢ ስንኖር የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት ተቆፍሮ እንደተከፈተ ቀርቶ ነበር። ከመንገዱ አቧራው፣ ከጎረቤት የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭሱ ቤታችን ይገባል፤ እናቴ ደግሞ አስም አለባት። ታላቅ ወንድሜ ከአገር የሚወጣ ፈረንጅ ዕቃውን ሲሸጥ አግኝቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አየር ማጽጃ ገዛላት። ውስጡ የተደረደሩት ስስ ብረቶች አቧራውን ስበው ስለሚይዙ በየወሩ አውጥቶ ማጠብ ያስፈልጋል አለን። «እሱን ለእኔ ተዉት» አልኩ።

እናቴ እንደ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳንቴሉን አነሳና ላዩን በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ። ክዳኑን ግን ከፍቼው አላውቅም። ኤሌክትሪክ እንዳይዘኝ ነው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ እንጂ ስንፍና ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ስለ ጽዳቴ ሳላፍር አወራለሁ።

ዓመት አለፈው። ማሽኑ መንጣጣት ጀመረ፤ የተቃጠለ ጠጉር የሚመስል ሽታም አመጣ። የእናቴ ሳል ባሰ። ብርዱ ነው አልናት።

አንድ ጠዋት ከሶኬቱ ነቅዬ ከፈትኩት። በብረቶቹ መሃል ግራጫ ቆሻሻ ተጋግሯል፤ የወጥ ቅባት ስለጠጣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ የከረመ ሽንኩርት ይሸታል። ጠጉር አለበት፣ የደረቁ በረሮዎች አሉበት። ብረቶቹን ግቢ አውጥቼ ሳፋ ውስጥ ሙቅ ውሃና የዱቄት ሳሙና ጨምሬ ብነክራቸው ውሃው ጠቁሮ ወፈረ። የበረሮ እግር ጥፍሬ ውስጥ ሲገባ አስመለሰኝ።

እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች።

«በወር ውስጥ ነው እንዲህ የሆነው?» አለችኝ።

በየወሩ የማጥበው መስሏታል። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«አዎ» አልኩ።

«በወር ይህን ያህል ከያዘ እኔ ሳንባ ውስጥ ያለው ምን ያህል ይሆን?» አለች። ነጠላዋን ጎትታ አፍንጫዋን ሸፈነች።

ብረቶቹን ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን አድርቄ መለስኳቸው፤ መንጣጣቱም ሽታውም ጠፋ። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥም ነጠላውን ከፊቷ አላወረደችም። መስኮት ሲከፈት ትቆጣለች። የሚጎርሰውን እየቆጠረ እንደሚበላ ሰው አየሩን ቀስ እያለች ስትስብ ማየት ከበረሮው ይልቅ ራሴን አስጠላኝ።

በወሩ ብረቶቹን በእርግጥ አጠብኳቸው። ውሃው እምብዛም አልቆሸሸም፤ የሳፋው ታች ይታያል። ይህንን ብታይ ፍርሃቷ ይለቃት ነበር። ብታይ ግን ያለፈው የዓመት ቆሻሻ እንደነበር ይገባታል።

«ዛሬስ እንዴት ነው?» አለችኝ ከውስጥ፣ በነጠላው ስር በታፈነ ድምፅ።

ሳፋውን አንስቼ ውሃውን ቦዩ ውስጥ ደፋሁት።

«ያው ነው» አልኳት።