የጋሽ እንቁላል አዲስ ሞተር

ታክሲ ነጂው ስማቸው ሌላ ነው፤ «ጋሽ እንቁላል» ያላቸው ተሳፋሪ ነው። ይፍጠኑ ባሏቸው ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስለሚሉ ነው እንጂ እንቁላልስ አይወዱም። ለመኪናው እንዲህ የሚሳሳ ሰው መቼም አላየሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ከራሳቸው በፊት የሚያለብሱት እሷን ነው።

የሚኒባሷ ሞተር ወርዶ እንደ አዲስ ሲሠራ ሚስታቸው ቁርጡን ነገረቻቸው። ይህም ከተበላሸ መኪናዋ ትሸጣለች፣ አንተም አርፈህ ቤትህ ትቀመጣለህ አለች። ጋሽ እንቁላል ቤት ሊቀመጡ! ከመሪው ሌላ ምን ወዳጅ አላቸውና? ነገሩ ሆዳቸው ገብቶ እንቅልፍ ነሳቸው።

ሞተሩን የሠራው መካኒክ የሚስታቸው ወንድም ነው። እስክትላመድ ተራውን ዘይት ይጠቀሙ፣ ቶሎም ይቀይሩት፤ አስነስተው ብዙ አያቁሟት፤ ዳገት ላይ ነዳጁን ጫን ያድርጉባት ብሎ ደጋግሞ ነግሯቸው ነበር። ሰሙት? ምን ሲደረግ! ለእሷማ ተራ ነገር አላጠጣም ብለው ከሱቁ ውዱንና ቀጭኑን ዘይት ሞሉላት። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ አስነስተው ሲያሞቋት ያረፍዳሉ፤ ዳገት ካዩ በሌላ መንገድ ይዞራሉ። ብዙም ሳትቆይ ሰማያዊ ጭስ ትተፋ፣ ዘይትም ትጠጣ ጀመር።

ጋራዥ የደረሱት እንደ አስታማሚ ፊታቸው ጠቁሮ ነው። መካኒኩ ዘይቱን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ሳቁን ዋጠ። የፒስተኑ ቀለበት ከሲሊንደሩ ጋር የሚስማማው ተፋትጎ ነው፣ እርስዎ ግን በሚያንሸራትት ዘይትና በዝግታ አባብለው አስተኙት፤ ዘይቱ በጎኑ ሾልኮ የሚጨሰውም ለዚህ ነው አላቸው።

«ሞተር እንደ ጨቅላ አይታቀፍም፣ ጋሼ። በጊዜ ስለመጡ ምናልባት ይድናል።»

«ምናልባት» የሚለው ቃል አስጨነቃቸው። እህቱ እንዳትሰማ ብቻ ለመኑት።

ዘይቱ ተቀየረና ሁለቱ ረጅሙን ዳገት ተያያዙት። መካኒኩ ነዳጁን ይርገጡት ይላል፤ የእሳቸው እግር ፍሬኑን ይፈልጋል። ረገጡ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ረገጡ። ሲወጡ ሲወርዱ ውለው ጭሱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። መካኒኩ በቃ፣ ነገ ሥራ ይግቡ አላቸው።

በማግስቱ ሰው ጢም ብሎ በሞላባት ሚኒባስ ያንኑ ዳገት በአንድ ትንፋሽ ወጡት። በየቀኑ የሚሳፈሩ አንዲት አሮጊት ከኋላ ወንበር ግራ ገብቷቸው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ሹፌሩ ተቀየረ እንዴ?»

«የለም፣ እናቴ» አሉ ጋሽ እንቁላል፣ እግራቸውን ከነዳጁ ሳያነሱ። «እኔው ነኝ።»