ሀርሺን ደርሶ የተመለሰው ጣሪያ

አንድ ቤት ታሪክ አለው እንዲባል የስንት ሰው ደም ሊፈስበት ይገባል? ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄያለሁ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ጅጅጋ ያስተምር ነበር፤ የምንኖረውም መሀል ገበያ፣ በረንዳቸው ከተያያዘ የድንጋይ ሱቆች ጀርባ ነበር። ከሱቆቹ አንዱ በሆነው የጨርቃ ጨርቅ መደብር በረንዳ ላይ አዴር ዋርሳሜ ልብስ ይሰፋ ነበር። አዴር አጎት ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አጎት ነበር። ያኔ ሰዎች ከመግሪብ ሶላት ሲመለሱ ፋኖሱን ምሰሶው ላይ ይሰቅልና የከሰል ካውያውን ከፍቶ እፍ ይላል፤ ፍሙ ፊታችንን ሲያቀላው፣ ጭሱ ከአዲስ አቡጀዲ ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ «ሼኮ ሼኮ!» ይለናል፤ ተረት ተረት ማለቱ ነው። እኛም «ሼኮ ሀሪር!» እንላለን፤ የሐር ተረት። ሶማሊኛዬ ገና ስለነበር፣ ተረቱ መደብሩ ውስጥ ካለው የሐር ጣቃ እየተቀደደ የሚሰጠን ይመስለኝ ነበር። ጣቃው ያለቀ ቀን ምን እንሆናለን ብዬ እሰጋ ነበር።

ተረቶቹ ስለ እነዚያው ሱቆች ነበሩ። አንድ ጊዜ ነፋስ የመደብሩን ቆርቆሮ ነቅሎ ድንበር ላይ ካለችው ከተማ ሀርሺን አደረሰው፤ ግመሎች ጥላው ሥር ተኝተው አንነሳም ስላሉ፣ ባለሱቁ ጣሪያውን ያመጣው ለምኗቸው ነው። ዝናብ ሲመታው እንደ ግመል የሚያጉረመርመውም ለዚህ ነበር።

«አዴር፣ ማን አየ?» አልኩት።

«ግመሏ አይታለች። ሂጂ ጠይቂያት፤ ሶማሊኛ ካንቺ ትሻላለች።»

ጅጅጋ የክልል ከተማ ከሆነች ከዓመታት በኋላ፣ በሰው አገር እንዳረጀሁ፣ ሱቆቹ ተሸጠው ሊፈርሱ ነው ሲሉኝ መጣሁ። በሮቹ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። በኖርኩበት አገር እንዲህ ያለ የሱቅ ረድፍ ሚስማሩ እንኳ ያለ ፈቃድ አይነቀልም፤ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤአለሁ። ለማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ሁሉንም አስረዳሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ አዘዘልኝ።

«ኤዶ፣» አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። «ጦርነት ተዋግተውበታል? ትልቅ ሰው ተወልዶበታል? አንድ ነገር ይስጡኝና ልጻፍ።»

ያነበብኩት ሁሉ ጠፋኝ። በእጄ የነበረው ሀርሺን ደርሶ የተመለሰ ጣሪያ ብቻ ነበር። ያንን እንዴት ብዬ ላስመዝግብ? ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሼኮ ሼኮ» አልኩት።

ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ሼኮ ሀሪር» አለ። ከዚያ የማፍረሻውን ትእዛዝ ፈረመና ማኅተሙን መታበት።

ዶዘሩ በማግስቱ መጣ። ቆርቆሮው ሲወርድ አጉረመረመ፤ ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አልመሰለኝም። ከዚያ በረንዳ ዛሬ የቀረኝ የካውያው ፍም ነው፤ እሱም ዓይኔን ስጨፍን ብቻ ይታየኛል። ኃላፊው የ«ሼኮ ሼኮ»ን መልስ ባያውቅ ኖሮ አለማወቁን እተውለት ነበር፤ ግን ያውቅ ነበር። አርጅተሻል፣ ይቅር በይ ይሉኛል። እሱንም፣ ሱቆቹን የሸጡትንም፣ ቆመው ያዩትንም፣ ጥዬ የሄድኩትን እኔንም፣ ማንንም ይቅር አልልም።