የዘነበች ክንድና እኔ የፈታኋት ጣውላ

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ዛሬ ሰው ሁሉ እንዲያነበው እዚህ ገጼ ላይ እጽፋለሁ።

የባሌ እህት ዘነበች ዛሬ ጠዋት አረፈች ሲሉኝ አላመንኩም። ትናንት ሐኪም ቤት ስጠይቃት ሳንባዋን ቢያማትም ተቀምጣ ሾርባ ጠጥታለች። ልጇ ማርታ ስትደውልልኝ መጀመሪያ ያልኳት «ማን ነገረሽ?» ነው።

አሁን እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ድንኳን ተተክሏል። ለቀስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ቤት የተወጋችው መርፌ ምን ነበር፣ ማን ወጋት፣ ለምን ቸኮሉ። ማርታም «ድሮ እጇን አበላሹ፣ አሁን ነፍሷን ወሰዱ» ብላ ነገ ሐኪሞቹን ልትከስ ነው። ስለ መርፌው የማውቀው የለም፤ እኔም እጠራጠራለሁ። ስለ እጇ ግን አውቃለሁ።

ዘነበች በዐሥራ አራት ዓመቷ ልትማር ከገጠር፣ ከኦቾሎ እኛ ዘንድ መጣች። እኔ በር ላይ ቦምቦሊኖ እጠብስ ነበር። የዘይቱ ድስት ተገልብጦ ቀኝ ክንዷን አቃጠላት። ቁስሉ መዳን ሲጀምር የሐኪም ቤቱ ነርስ ክንዷን ዘርግታ ከጣውላ ጋር አሰረችውና «ስትተኛም እንዳትፈቺላት። ጠባሳ ሲደርቅ ይስባል፤ ታጥፎ ከደረቀ አይመለስም» አለችኝ።

ልጅቷ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን ፈታሁላት። ክንዷን አጥፋ ደረቷ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ጠዋት አስሬ እወስዳታለሁ፤ ነርሷ ስትጠይቀኝ አንድም ቀን አልፈታሁም እላለሁ።

ክንዷ ታጥፎ ቀረ። ቤተሰቡ ሐኪሞቹ ጅማቷን ቆርጠውባት ነው አለ። ባሌም ይህንኑ እንዳመነ ሞተ።

ጥጥ ስትፈትል እንደ ሌሎቹ ሴቶች ክንዷን ዘርግታ ክሩን መሳብ አልቻለችም። አጭር አጭር እየሳበች ትቀጥለዋለች፤ ሸማኔዎቹ ቋጠሮው በዛ ብለው ይመልሱባታል። በዚህ በአርባ ምንጭ ሙቀት ረጅም እጅጌ ነው የምትለብሰው። ሰው ሊጨብጣት ሲል ግን ግራዋን ትዘረጋና «ግራዬን አትናቁብኝ» እያለች ታስቃለች።

አንድ ቀን ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ስንመርጥ ድንገት «እትዬ፣ ያቺ ጣውላ የት ገባች?» አለችኝ።

ቤት ስንቀይር ጠፋች አልኳት።

«አይ፣ የወጥ ቤቱን በር ስትደግፊባት አይቻለሁ» አለችና ሙዟን መምረጥ ቀጠለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግነቷን ሁሉ ተጠራጠርኩ። ታምሜ ስታስታምመኝ፣ ምን ፈልጋ ይሆን እላለሁ። ነግራት ይሆን ብዬ የማርታን ዓይን አጠናለሁ። አልነገረቻትም፤ ይህን ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ማርታ ሐኪሞቹን ስትወቅስ አረጋገጥኩ።

ዘነበች፣ ክንድሽ በእኔ ምክንያት ታጥፎ እንደቀረ ታውቂ ነበር። ለምን ዝም እንዳልሽልኝ ግን አሁንም አልገባኝም፤ አዝነሽልኝ ይሁን ወይስ ራሴ እስክናገር ጠብቀሽ። ከጠበቅሽኝ ዘገየሁብሽ። ያቺ ነርስ ምንም አላጠፋችም። እህቴ፣ አሁን ክንድሽን እንደፈለግሽ አድርገሽ ተኚ። ይህን ሁሉ አስቀድሜ በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ልጅሽ ማርታ ስልኳ ላይ ከማንበቧ በፊት ወረቀቱን ከእጄ ትቀበላለች።