በሥላሴ ዕለት የተተከለው መናፈሻ

ዳኘው ሠላሳ ዓመት የመንገድ ሥራ ዶዘር ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ለፍኖተ ሰላም ትቶላት ያለፈው ትልቁ ሥራው ጉድጓድ ነበር። ወደ ቡሬ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ለሙሌት የሚሆነው አፈር የተዛቀው ከከተማው ጠርዝ ነው፤ የቆፈረውም እሱ፣ ሳይደፍን የሄደውም እሱ። «ድፈን ያለኝ አልነበረም እንጂ ብባል እደፍነው ነበር» ይላል ሲጠየቅ። ሳይጠየቅም ይላል። ጉድጓዱ ግን ምክንያት አይሰማም፤ በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ የሰፈሩን ቆሻሻ ይውጣል፣ አንድ ሁለት ጊዜም የሰው ጥጃ በልቷል። ዳኘው በዚያ ባለፈ ቁጥር ያፍር ነበር።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ቦታውን መናፈሻ ላድርገው ብሎ ተነሣ። ማዘጋጃ ቤቱ ፈቀደለት፤ ነገር ግን እስከ ሐምሌ ስምንት ታጥሮ ሦስት መቶ ችግኝ ተተክሎበት ካልተገኘ ለእህል መጋዘን እንደሚሰጥ በደብዳቤ አስጠነቀቀው። ዳኘው ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ልመና ወጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? ገበሬው የሰጠው በቆሎ ተሸጦ ችግኝ ተገዛበት፣ እድሩ አጣና አዋጣ፣ ባለ ጋሪዎቹ በነጻ ቆሻሻውን አውጥተው አፈር ሞሉበት። አንድ ደግ ሰው የሰጠው በግም ለጨረታ ቀረበ። ያሸነፈው ሁሉ «ለመናፈሻው ሰጥቻለሁ» እያለ ሲመልሰው በጉ በአንድ ቀን ስድስት ጊዜ ተሸጠ። አጥሩ የቆመው በዚያ በግ ነው።

የቀረው ተከላው ነበር፤ ዳኘው የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በሥራ ቀን ገበሬው ያርሳል፣ ነጋዴው ይነግዳል፤ በበዓል ግን ሁሉም ሥራ ፈት ነው ብሎ ቀኑን ሐምሌ ሰባት፣ የሥላሴ ዕለት አደረገው። ሚስቱ ንግሥቴ ስትሰማ ደነገጠች። በክረምት ሥላሴ መሬት ተጭሮ በረዶ ቢወርድ የገበሬውን ማሳ ማን ሊክስ ነው አለችው። ዕድሜውን በዓል ከማያውቅ ዶዘር ጋር የጨረሰው ዳኘው ግን ዛፍ መትከል ጽድቅ እንጂ ሥራ አይደለም ብሎ ዘጋት። ደግሞስ ሰፈርተኛውን ቤት ለቤት ዞሮ ጠይቆ የለም? ሁሉም እሺ ብለውታል። እዚሁ ጎጃም ተወልዶ፣ እዚሁ ሸብቶ፣ ሽማግሌ ፊት «አይሆንም» እንደማይባል የረሳ ሰው ምን ይባላል?

ሰውስ መጣ። አርባ የሚሆን ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ አጥሩ ዙሪያ ቆመ። ችግኙን አደነቁ፣ አጥሩን አመሰገኑ፤ አካፋ የነካ ግን የለም። ዳኘው ለአንዱ ዶማ ቢያቀብለው ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበለና እጅ ነሥቶ፣ ቀስ አድርጎ አጥሩ ላይ አስደገፈው። ዳኘው ያን ጊዜ ገባው። ራሱ ሊቆፍር ጎንበስ ቢል ንግሥቴ ክንዱን ያዘችው። ብቻውን ሦስት መቶ ጉድጓድ እንደማይጨርስ ሁለቱም ያውቃሉ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መጋዘኑ ቆሞ ታየውና እንባው መጣ።

ጎረቤቱ አብዱሰመድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሱቁን ሊከፍት ሲያልፍ የቆመውን ሰውና የተቀመጠውን ሽማግሌ አይቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ወንድሞቹንና በመስጊዱ ሰፈር ያገኘውን ሁሉ አስከትሎ፣ ዶማ በትከሻው ይዞ መጣ።

«አያ ዳኘው፣ በዓሉ የእናንተ ነው፤ እኛን ማን ከለከለን?» አለ። «ለኢድ ሰግደን እስክንመለስ ሱቃችንን የሚጠብቅልን ማን ሆነና?»

አንዱ «በረዶውስ?» ብሎ ሊያጉረመርም ሲል፣ ከቤተ ክርስቲያን አብረው የመጡት መሪጌታ በዓሉ ባለቤቱን እንጂ እንግዳውን አይጠይቅም ብለው ዝም አሰኙት።

ቁፋሮው ሲጀመር ንግሥቴን ሌላ ጭንቅ ያዛት። የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ገና ሁለት ቀኑ ነው። በየክርስቲያኑ ቤት ያለው ሥጋ ነው፤ ያን ደግሞ እነአብዱሰመድ አይበሉትም። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተማክራ የሥጋውን ወጥ ከደነችና ሽሮና ምስር ሠራች። ባለ ነጠላዎቹም እፍረት ይዟቸው ሥጋቸውን ትተው ከቆፋሪዎቹ ጋር ለሽሮው ተቀመጡ። በፍስክ ቀን ሽሮ እንደዚያ ተሻምቶ የበላ ሰው አልታየም።

አመሻሽ ላይ ዳኘው ተከላውን ዞሮ ሲያይ፣ አንዲት ችግኝ ከነፕላስቲኳ ከተቆፈረላት ጉድጓድ አጠገብ ቆማለች። ረስታችኋል አላቸው።

«አልረሳንም» አለ አብዱሰመድ እጁን እየታጠበ። «ይቺ የእርስዎ ናት። ነገ በዓል አይደለም።»

በነጋታው ማለዳ ዳኘው ሲደርስ አርባዎቹ ቀድመውታል። የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አካፋና ዶማቸውን ይዘው አንዲቷን ጉድጓድ ከበዋል። የሚቆፈር አልቀረም፤ ቢሆንም ይዘው መጥተዋል። ማንም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ዳኘውም አልጠበቀም። ተንበርክኮ ፕላስቲኩን ቀደደና ችግኟን አቆማት። አርባው ሰው ተራ በተራ እፍኝ እፍኝ አፈር ጨመረላት።

የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ፣ ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ችግኝ ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። ዳኘው በችግኟ ሥር አፈሩን መጠቅጠቁን ቀጠለ።

«ዛሬ እኮ የሥራ ቀን ነው» አለችለት ንግሥቴ።

ተቆጣጣሪው ችግኙን ቆጥሮ ሲፈርም ዳኘው አላየውም፤ እጁ ገና አፈሩ ውስጥ ነበር።